ስም የተጻፈበት ሣጥን

ጋሽ ዓባይነህ ቀን ቀን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት የሞቱ የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ጠበቃ። ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር እየጫነ ሳን ሆዜ ድረስ ያደርሳል። አልባኒ ወዳለችው አፓርታማችን ሲመለስ እጁን በሳሙና ይፈትግና፣ እራቱን ቆሞ ጎርሶ፣ ወረቀቱን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ወረቀቱ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ፣ የጦር ሆስፒታሎቹ ፋሻና መድኃኒት ከየት አግኝተው፣ በምን አስጭነው፣ ለቁስለኛው እንዴት ያደርሱ እንደነበር ነው የሚጽፈው።

እኔ ያን ጊዜ አብሬው የምኖር፣ ኤርፖርት የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ትኬት የምቆርጥ ወጣት ነበርኩ። እንቅልፌ እየመጣ ሲያስረዳኝ ያናድደኛል።

«ጋሼ፣ የእነዚህ ፈረንጆች ቁስል እኮ ድሮ ድኗል። አሁን ተዋቸው በቃ» እለዋለሁ።

«አልዳነም። ሞተዋል። ለምን እንደሞቱ ነው የምጽፈው» ይለኛል፣ ቀና ሳይል።

በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት ተልኮ የመጣ ሰው ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ የሚከፈልለት ገንዘብ ቆመ፤ ዶክትሬቱን አንጠልጥሎ ትቶ መሪ ጨበጠ። ጓደኞቹ ፕሮፌሰር ሲሆኑ እሱ ፍሪዌይ ላይ ሸበተ። በስተርጅና ዩኒቨርሲቲው የመጨረሻ ዕድል ሰጠውና እንደገና ጀመረ። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። በዚህ ዓለም የእኔ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ ታናሽ ወንድሙ እምሩ። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ሞተው፣ እምሩን ያሳደገው፣ ፊደል ያስቆጠረው፣ ጫማ የገዛለት እሱ ነው። እምሩ ሕክምና ተምሮ የጦር ሠራዊት ቀዶ ሐኪም ሆነ፤ ያን ጊዜ በሰሜን ግንባር አንድ የጦር ሆስፒታል ውስጥ ቁስለኛ ይሰፋ ነበር።

እምሩ ደብዳቤ የሚጽፈው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲጽፍ ግን ቀልደኛ ነው። «አንተ ትምህርትህን ስትጨርስ ቤታችን ሁለት ዶክተር ይኖረዋል፤ አንዱ የሚሰፋ፣ አንዱ የሚያወራ» ብሎት ነበር። ከቀልዱ በታች ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለምናል። ጓንት አልቆብናል፣ ያለውን እየቀቀልን ደጋግመን እናጠልቃለን፣ ሲቀደድ በባዶ እጃችን ነው የምንሠራው ይላል። የሚሰፋበት ክርም የለውም።

ስለዚህ ጋሽ ዓባይነህ ሣጥን መላክ ጀመረ። ኦክላንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ የሆነችው ውብዳር፣ አለቆቿን አስፈቅዳ ከሥራ ቦታዋ የተረፈውን ትሰበስብለታለች። የጎደለውን ከደመወዙ ይገዛል። ጓንት፣ የቀዶ ጥገና ክር፣ ፋሻ፣ አንቲባዮቲክ እያልን አብረን እናሽጋለን። ከዚያ በወፍራም ማርከር «ለሻለቃ ዶክተር እምሩ» ብሎ በአራቱም ጎን ይጽፍበታል። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ለእምሩ ባለቤት አዲስ አበባ ያደርስላታል፤ እሷ በሠራዊቱ አውሮፕላን ወደ ሰሜን ትልከዋለች። መንገደኛ የሚያፈላልጉለት ኤል ሴሪቶ የሚኖሩት ጋሽ መንገሻ ናቸው። የሰፈራችን ሽማግሌ እሳቸው ናቸው፤ ሠርግም ለቅሶም ያለ እሳቸው አይሆንም።

አንድ ማታ ሣጥን እያሸግን ከሚጽፈው ነገረኝ። በዚያ በአሜሪካኖቹ ጦርነት፣ በየከተማው ያሉ እናቶች የተልባ እግር ጨርቃቸውን እየፋቁ ለቁስል የሚሆን ለስላሳ የጨርቅ ፍቅፋቂ ያዘጋጁ ነበር አለ። ማርማላታ ይጨምሩበታል፣ ካልሲ ይጨምሩበታል፣ ሣጥኑ ላይ የልጃቸውን ስም ይጽፋሉ። ሣጥኑ ሲደርስ የልጁ ጦር ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ወይም ልጁ ሞቷል። ባለቤት የሌለው ሣጥን ባቡር ጣቢያ ይከመራል፤ ማርማላታው ይፈነዳና ጨርቁን ያበሰብሰዋል። እዚያው አጠገብ ድንኳን ውስጥ ሐኪሙ ፋሻ አጥቶ የሞተ ሰው ሸሚዝ ይቀድዳል።

«ኋላ አንድ ማኅበር ተቋቁሞ፣ እባካችሁ ስም አትጻፉ፣ ለማንኛውም ቁስለኛ ብላችሁ ላኩ ብሎ ለመናቸው። ብዙዎቹ እናቶች እሺ አላሉም» አለና ሳቀ።

«አንተስ ትጽፍ የለም እንዴ?»

«የእኔማ ወንድሜ ነው» አለና የቀረውን ጎን ጻፈበት።

አሁን የምነግራችሁን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። በፈረንጆቹ 1987 መጨረሻ፣ ገና ሊደርስ ሲል፣ ጋሽ መንገሻ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለላቸው። እምሩ ሞቷል። ከቁስለኛ ደም የወፍ በሽታ ይዞት፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አለቀ። ጋሽ መንገሻ ጥቂት ሰው ቤታቸው ጠርተው መከሩ። መርዶ በእኛ ወግ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ብቻውን እያለ አይነገርም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቤቱ ድረስ ተሂዶ ነው። ይህን እኔም አምንበታለሁ። ነገር ግን አንዱ ተነሥቶ «ትምህርቱን ሊጨርስ ነው፤ አሁን ከሰማ ሁለተኛ አይነሣም» አለ። ሁሉም ተስማሙ። ግንቦት ላይ ፕሮፌሰሮቹ ፊት እስኪቀርብ ድረስ እንዲደበቅ ተወሰነ። የእምሩም ባለቤት እንዳትጽፍለት ተላከባት። ለእኔ አልነገሩኝም። «የእሱ ፊት ምሥጢር አይችልም» አሉ አሉ። ሳልሰድባቸው የቀረሁት ልክ ስለሆኑ ነው።

ችግሩ ሣጥኑ ነበር። ጥር ላይ ጋሽ ዓባይነህ አንዱን ይዞ ኤል ሴሪቶ ሄደ። ጋሽ መንገሻ ምን ይበሉ? አልቀበልም ቢሉ ይጠረጥራል። «ደህና ጊዜ መጣህ፤ ከሳን ሆዜ የሚሄድ ሰው አለ» ብለው ተቀበሉት።

እሱ ሲወጣ ባለቤታቸው እትዬ ለተ ማርያም «ታዲያ ለምን አንልከውም?» ብለው ጠየቁ።

«ለማን? የሟች ስም የተጻፈበት ሣጥን ለቅሶ ቤት ይገባል? ያቺን የእምሩን ሚስት ልትገድያት ነው?»

ሣጥኑ ጋራዥ ገባ። መጋቢት ላይ ሁለተኛው ተከተለው። ጋሽ ዓባይነህ በስልክ «ደረሰ ወይ?» እያለ ሲጨቀጭቃቸው፣ ጋሽ መንገሻ «ደርሷል ልጄ፣ እጁ ገብቷል» አሉት። ያን ቀን ጋሼ እያፏጨ ዕቃ አጠበ። ሲያፏጭ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ውብዳርም ታውቅ ነበር። ጓንት ልታቀብለው ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ያብጣል። «ምን ሆነሻል?» ሲላት «አለርጂ ነው፣ የዚህ አገር አበባ አልተስማማኝም» ትላለች። እሱ ደግሞ ከልቡ አዝኖ «ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዢ እንጂ» ይላታል። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። የሚጠሉት ሰዎች አልነበሩም፤ ሁሉም ይወዱታል።

ግንቦት ደረሰ፤ ጋሽ ዓባይነህ ፈተናውን አለፈ። ከዩኒቨርሲቲው ሲወጣ ክራባቱን ኪሱ ከቶ ነበር። በማግሥቱ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ መንገሻ ቤት ድግስ ተደገሰለት። ዶሮ ተሠራ፣ ቢራ ተከፈተ፣ ዶክተር ዓባይነህ ተባለ። እሱ ንግግር አይወድም፤ ስንጮህበት ግን ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ።

«እኔ ዶክተር ብባልም መርፌ አልወጋም። የቤታችን እውነተኛ ዶክተር እዚያ ነው ያለው። እንደምንም መስመር ፈልጌ ኮል አደርግለታለሁ፤ ሁለት ሆነናል እለዋለሁ» አለ።

ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም ሳህኑን ያያል። እኔ ብቻዬን አጨበጨብኩና፣ እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው ብዬ ተናደድኩ።

እሑድ ገና ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ጋሽ መንገሻ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ደረጃው በሰው ሞልቷል። ቂል ነኝ፤ የትናንቱን ድግስ ሊቀጥሉ የመጡ መሰለኝ። ጋሽ ዓባይነህ ከኋላዬ መጣና ውብዳርን አያት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ወንበር ስቦ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እምሩ ነው?» አለ።

«እግዚአብሔር ያጥናህ ልጄ» አሉ ጋሽ መንገሻ። ሴቶቹ ጮኹ። እሱ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው።

«መቼ?»

ጋሽ መንገሻ ወደ ባለቤታቸው አዩ። «ከገና በፊት» አሉ።

ያለቅሳል ብለን ሁላችን ልንደግፈው ተጠግተን ነበር።

«ከገና ወዲህ ሁለት ሣጥን ሰጥቻለሁ። ማን ተቀበለው?» አለ።

ወደ ጋሽ መንገሻ ዞረ።

«ጋሽ መንገሻ፣ ደርሷል ብለውኝ ነበር።»

«ልብህ እንዳይሰበር ብለን ነው ልጄ። ትምህርትህን ብለን ነው።»

«ደርሷል ብለውኝ ነበር» አለ እንደገና፣ ድምፁን ሳይጨምር።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ከሳን ሆዜም ከሌላውም ሰው ጎረፈ። የጎረቤት ፈረንጆች ሳይቀሩ አበባ በር ላይ አስቀመጡ። ጋሽ ዓባይነህ የመጣውን ሁሉ እየተነሣ ይጨብጣል፤ አንድ ዘለላ እንባ ግን አልወጣውም። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴትዮ «ፈረንጅ ሆኗል፤ ልቡ ደርቋል» ስትል ሰማኋትና፣ ከቤት ላስወጣት ስነሣ ውብዳር ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ።

የዚያኑ ቀን፣ ሰዉ ቀለል ሲል፣ ጋሼ ጋሽ መንገሻን «ሣጥኖቹ ያሉበትን ያሳዩኝ» አላቸው። በእኔ መኪና ወደ ቤታቸው ሄድን።

ሣጥኖቹ ጋራዡ ውስጥ፣ ከሳር ማጨጃው ኋላ፣ ከአሮጌ ፍራሽ ሥር ነበሩ። ማሸጊያቸው አልተነካም። የካቲት ላይ የጣለው ዝናብ በጋራዡ በር ሥር ገብቶ የታችኛውን አርሶታል። በመኪናው ቁልፍ ቀደደው። ፋሻው ሻግቷል። አንቲባዮቲኩን አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘውና «ኤክስፓየር አድርጓል» አለ። ጓንቱ ደህና ነው፤ ክሩም ደህና ነው። አንድ በአንድ አውጥቶ ፍራሹ ላይ ደረደራቸው።

«ከእምሩ በኋላ እዚያ የሚሠራ ሐኪም የለም?» ሲል ጠየቀ።

«ይኖራል እንግዲህ» አሉ ጋሽ መንገሻ።

«ቁስለኛስ?»

እትዬ ለተ ማርያም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ።

«አሁንም አልረፈደም» አሉ ጋሽ መንገሻ። «የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ፤ በራሴ ወጪ ሴንድ አደርገዋለሁ።»

«ወዴት?» አለ ጋሼ። መጋቢት ላይ ግንባሩ መፈረሱን ሁላችንም በራዲዮ ሰምተናል። ሆስፒታሉ ይዛወር፣ ይያዝ፣ ይቃጠል፣ የሚነግረን አልነበረም። ጥርና የካቲት ላይ ግን እዚያው ነበር።

ጋሽ ዓባይነህ ባዶውን ሣጥን አዞረው። በገዛ እጁ የጻፈውን ስም አየው፤ ጣቱን በፊደሎቹ ላይ አስኬደ። ያን ጊዜ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ሦስት ቀን የጠፋው እንባ መጣ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። «እምሩዬ፣ እጅህን ባዶ አድርጌ» እያለ ሣጥኑን አቀፈው። እኔም አለቀስኩ፤ የሚያባብለው ጠፋ።

ጋሽ መንገሻ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሰባ ዓመት ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ያዙ።

«ይቅር በለኝ ልጄ። ለአንተ ብዬ ነው።»

ጋሼ ብብታቸው ሥር ገብቶ አነሣቸው፤ ባርኔጣቸውንም ከመሬት አንሥቶ ሰጣቸው።

«አውቃለሁ» አላቸው። «እርስዎ ለእኔ አሰቡ። እኔ ለእምሩ አሰብኩ። ለእነሱ ያሰበ አልነበረም።»

«ለእነማን ልጄ? ንገረኝ፣ እነሱንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጋሽ ዓባይነህ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ስማቸውን አላውቅም ጋሽ መንገሻ» አለ።