«እምቧ» ስላት ያልዞረችው ልጄ

ዛሬ ከሰዓት ከልጄ ጀርባ ተቀምጬ «እምቧ!» ብዬ ጮህኩ። ዞር እንኳ አላለችም።

ማህሌት ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ ገና አፏን አልፈታችም። አባቷም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው ሲሉኝ ተጽናናሁ። (እሱማ አሁንም ብዙ አያወራም።)

የእንስሳት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አለን። ፊት ለፊት ተቀምጠን እኔ ድምፃቸውን ሳወጣ እሷ በጣቷ ታሳየኛለች። ተሳስታ አታውቅም።

ዛሬ እዚህ ደብረ ታቦር ከተማ ብርድ ስለሆነ ቤት ዋልን፤ እሷ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ፣ እኔ ከኋላዋ ሹሩባ እሠራላት ነበር። እንደ ላም፣ እንደ ድመት፣ እንደ በግ ጮህኩ። አንዱንም በጣቷ አላሳየችኝም። ያኮረፈች መስሎኝ ይበልጥ ጮህኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ሰምተው መጡ። «ምን ሆናችሁ?»

ማህሌት ስታያቸው ወደ እኔ ዞረች። «እምቧ» አልኳት ቀስ ብዬ። አፌን አይታ ሳቀችና ጣቷን ላሟ ላይ አደረገች።

እትዬ ዘውዴ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ ይቺ ልጅ እኮ አትሰማም» አሉኝ።

ትናንት ስጠራት አልመጣ ብላ ቆንጥጫታለሁ። ከሁሉም እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንወስዳታለን። እንዲህ ያጋጠማችሁ ወላጆች፣ እናንተ መጀመሪያ ምን አደረጋችሁ? እባካችሁ ንገሩኝ። እሷ ለምን እንደማለቅስ ግራ ገብቷት አፍ አፌን ታየኛለች።