አንበጣ አይደለም ብዬ ነበር

ነገሩ የሆነው ባለፈው መስከረም ነው። ወራት አልፈውታል፤ እኔ ግን ያን ሜዳ ባሰብኩ ቁጥር እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ሆሳዕና ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የእናቴ ቤት ሆመቾ አጠገብ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድን እዚያ ነኝ። ከቤታችን ጀርባ የሰፈሩ ከብት የሚግጥበት ሰፊ ሜዳ አለ። ቅዳሜ ዕለት በሳሩ መሃል ሳልፍ አንድ ትንሽ አረንጓዴ ነገር ዘሎ እጄ ላይ አረፈ።

መጀመሪያ ፌንጣ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ያ ረጅም የፌንጣ እግር የለውም። ክንፉ እንደ ላስቲክ ወዲያ ያሳያል፤ ግንባሩ እንደተቀረጸ እርሳስ ሾሎ ወደ ፊት ወጥቷል። አፉም የሚያኝክ ሳይሆን ሳሩ ላይ ሰክቶ የሚመጥበት መርፌ ነገር ነው። ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ከፊትም ከጎንም ፎቶ አነሳሁትና ለቀቅኩት። ፎቶውን ነፍሳት ለሚያጠና የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ላክሁለት። የመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ላይም «ይህን የሚያውቅ አለ?» ብዬ ለጠፍኩት።

እሁድ ከቸርች ስንወጣ ፎቶዬ በየሰው ስልክ ላይ ነበር። ከሥሩ «አደገኛ አዲስ አንበጣ ሆመቾ ገባ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከምሳ በኋላ የተባይ ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው፣ የመድኃኒት መርጫ ያዘሉ ሰዎች አስከትሎ ሜዳው ላይ ደረሰ። ሮጬ ሄድኩ።

«ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አንበጣ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ገና አላወቅንም። ሰው ጠይቄያለሁ፤ እስከ ነገ ብቻ ጠብቁ።»

«ስሙን እንኳ ሳታውቂ አንበጣ አይደለም ትያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሜዳው ዳር ቀፎ ያላቸው ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱም ደርሰው ለመኑት። «ንቦቼ አሁን አበባ ላይ ናቸው። ወላሂ አትርጩ አላልኩም፤ ሲመሽ፣ ሲገቡ እርጩ።»

«ለእናንተው ብለን ነው፣ አባቴ» አላቸውና ለሰዎቹ በእጁ ምልክት ሰጠ። ረጩት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ልመለስ ስወጣ ጋሽ ሸምሱን ቀፎዎቹ ሥር ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። መሬቱ በሞቱ ንቦች ጠቁሯል። አንዳንዶቹ ገና ይንቀጠቀጣሉ።

«ቲቸር፣ አንቺስ ነግረሽው ነበር» አሉኝ። የማደርገው ሲጠፋኝ የንቦቹን ፎቶ አነሳሁ።

ሚኒባስ ውስጥ ሳለሁ ጓደኛዬ ደወለ። ደስታው ድምፁ ላይ ይሰማል። እንዲለየው የረዳው ያ ሹል ግንባሩ ነው፤ የሳር ጭማቂ እየመጠጠ የሚኖር፣ እምብዛም የማይገኝ የነፍሳት ዓይነት ነው አለኝ። ሰብል አያወድም፤ ከአንበጣ ጋርም አይገናኝም። «ሜዳውን ማንም እንዳይነካው! እመጣለሁ» ሲለኝ ምን ብዬ እንደምነግረው ጨነቀኝ። መረጨቱን ነገርኩት፤ ቢሆንም መጣ። ቀኑን ሙሉ ሳር ለሳር ስንዞር ውለን አንድም አላገኘንም።

ይባስ ብሎ ያ ባለሙያ ነኝ ባይ ስልክ ቁጥሬን ከሰው ተቀብሎ ደወለልኝ። «መምህርት፣ ያን ፎቶ ጥራት ያለውን ላኪልኝማ። የተከላከልነው ተባይ ብለን ሪፖርት ላይ ልናስገባው ነው።»

የሞቱትን ንቦች ፎቶ ላክሁለት።

አለማወቁን እንኳ አልቀየመውም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። ግን አንድ ቀን ቢጠብቅ ምን ይጎድልበት ነበር? ሽማግሌ ሲለምነው መስማት ይከብዳል? አሁን ሜዳ ላይ አዲስ ነገር ሳይ ስልኬን ለማውጣት እጄ ያመነታል። ልጆችን «ያላወቃችሁትን ጠይቁ» እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ፤ መጠየቅ እንድፈራ ያደረገኝን ይቅር ማለት አቅቶኛል።