በልጄ ምራቅ ላይ የጻፍኩት ስሜ

በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ገብቼ የያዝኩት ነገር ቢኖር ስሜን መጻፍ ነው። ከክፍል ውጪ መጀመሪያ የጻፍኩት ግን ለውሸት ነው።

ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ብርጭቆ አጥብ ነበር። የምግብ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ድዱን ይመርመር ተባለና ነርሷ መጥታ አንዳንድ ብልቃጥ አደለችን። ጠዋት ሳንጉመጠመጥ እንትፍ ብለንበት፣ ስማችንን ጽፈን እንድናመጣ ነው። ሐኪሙ ምራቁ ላይ መድኃኒት ጠብ ያደርግና በቀለሙ በሽታውን ያውቃል አሉን።

"ቤቱን ወረሱ፣ አሁን ደግሞ ምራቃችንን?" አለችኝ አብራኝ የምታጥበው፣ በሩን በሩን እያየች።

እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ጠዋት ጠዋት የምተፋው ደም ነበር። ሳምባዋን ታማለች ብለው ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ሲነጋ የአሥራ አራት ዓመት ልጄን ቀስቅሼ፣ ለሥራዬ ምርመራ ነው ትፊበት ብዬ ብልቃጡን ሰጠኋት።

"ያንቺስ እማዬ?"

"የኔ ደርቋል። ዝም ብለሽ ትፊ!"

እየሳቀች ተፋች። እንደ ውኃ የጠራ ነው። ስሜን ጻፍኩበት።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ተጠራሁ። የብልቃጡ ምራቅ ሰማያዊ ሆኗል።

"እናቴ፣ ይኼ ጥሩ አይደለም" አለኝ ሐኪሙ። "ድድ ውስጥ ውስጡን ሲታመም ምራቅ ውስጥ የሚለቀው ነገር አለ። ላይ ላዩን ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ካልታከመ ጥርሱ ይወልቃል።"

የልጄ ድድ እኮ አንድ ቀን ደምቶ አያውቅም! አፌን ከፍቼ ታየሁ፣ ቀጠሮ ተቀበልኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። የልጄ ምራቅ ነው ማለቱን ፈራሁ። በዚያን ዘመን የመንግሥት ሐኪም አታልዬ ምን እንደምደረግ በምን አውቃለሁ?

ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ልጄን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አገኘኋት።

"እህ፣ ምራቄ አለፈ?" ብላ ሳቀች። ጥርሶቿ ሁሉ ታዩኝ።

እጇን ይዤ ዳገቱን ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩ።

"ምራቁ የሷ ነው" አልኩት ሐኪሙን፣ መሬት መሬት እያየሁ። "እኔ ደም ስለምተፋ ነው። ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ..."

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ብልቃጡ ላይ ስሜን ሰረዘና እስክሪብቶውን ለልጄ ሰጣት። ስሟን ጻፈች። ሳቋ ጠፍቷል።

ለእኔ ሌላ ባዶ ብልቃጥ አቀበለኝ።

"የእርስዎን እዚሁ።"

ዞር በይ ልላት አፈርኩ። ልጄ እያየችኝ ተፋሁ። ቀይ ነበር።