የሴሉ መፈክር አስጀማሪ

ዛሬ እናቴ ለገዛ የጡት ካንሰሯ ስታዝን አየሁ።

ከሐኪም ቤት ወደ አዘዞ ስንመለስ «ምነው ይኸ ነገር አላቆም አለ?» አለችኝ።

የባዮሎጂ መምህር ነኝና አፌ መች ያርፋል!

«እማ፣ ሴል ውስጥ ፕሮቲን መሥራት የሚያስጀምሩ ሞለኪውሎች አሉ። አንዳንድ ካንሰር ላይ ማስጀመራቸውን አያቆሙም፤ ሴሉም ያለ ልክ ይበዛል።»

ሳቀች። በደርግ ጊዜ በቀበሌው ስብሰባ መፈክር የምታስጀምረው እሷ ነበረች። (ድምጿ ሸጋ ስለሆነ እንጂ ፖለቲካ የት ታውቅና!)

«እኔም ግራ እጄን አንዴ ካነሳሁ አላወርድም ነበር። ቀድሞ ያወረደ ምን ይባላል? እየፈራሁ ነበር የምጮኸው።»

ከዚያ በነጠላዋ ላይ ጡቷን ዳበስ አደረገችና ያቺን ሴል እንደ ልጅ እያባበለች፣

«አይዞሽ፣ ስብሰባው አልቋል። እጅሽን አውርጂ» አለቻት።

በእናንተስ ቤት እስካሁን እጁን ያላወረደ ሰው አለ?