ጋሼ ከጥንት ጀምሮ

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ… ጭል! የዚያ የጽሕፈት መኪና ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። መስመር ባለቀ ቁጥር ትንሿ ደወል ጭል ትላለች፤ ከዚያ ወረቀት የያዘው ጥቅል ክርርር ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። በትምህርት ቤታችን ኮሪደር የሚያልፍ ሁሉ በዚያ ድምፅና በማባዣው የስቴንስል ቀለም ሽታ መካከል ነበር የሚያልፈው። ደግ ዘመን ነበር። ደብተራችንን በጋዜጣ እንለብዳለን፣ መምህር ሲገባ ብድግ እንላለን፣ ድርሰትም መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ነበረው። መኪናውን የሚመታው ሰው ግን ከሦስቱ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ታይፒስት ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም በመታወቂያው ላይ ተጽፎ ቀርቷል። እኛ «ጋሼ ከጥንት ጀምሮ» እንለዋለን፤ ስንቸኩል ደግሞ «ጋሼ ከጥንት»። ያለ እነዚህ ቃላት ምንም ነገር ጀምሮ አያውቅማ። ክረምት ከበጋ ክራባት ያስራል። ደረት ኪሱ ላይ እንደ ሜዳልያ ከደረደራቸው እስክሪብቶዎች ከአንዱ በቀር ቀለም ያለው አልነበረም።

የዕውቀቱ ምንጭ ሽፋኑ የወደቀ አንድ አሮጌ የድርሰት መማሪያ ነው። ከመጽሐፉ የተረፈው የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ሲሆን ርእሱም «ስለ መግቢያ» ይላል። የቀረውን አይጥ በልቶታል። መምህራኑ ሻይ ሲጠጡ «ሐተታውንና መደምደሚያውንማ አይጡን ጠይቁት» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱ ግን ያቺን ምዕራፍ በቃሉ ሸምድዶ ሊቅ ሆኖ ቀረ።

«ሰው በመግቢያው ይታወቃል» ይላል ክራባቱን እያጠበቀ። «መግቢያው ካማረ የቀረው ራሱ ይመጣል።»

አይመጣም ነበር። አንድ ጊዜ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ጠፋና ማስታወቂያ እንዲያወጣ ታዘዘ። ሲለጠፍ ሄደን አነበብነው፦ «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ንብረቱን ከሌባ ለመጠበቅ ልዩ ልዩ ዘዴዎችን ሲጠቀም ቆይቷል። ከነዚህም መካከል ቁልፍ አንዱና ዋነኛው ነው።» ገጹ ሙሉ የቁልፍ ውዳሴ ሆኖ የትኛው ቁልፍ እንደጠፋ፣ ያገኘው ሰው ለማን እንደሚሰጥ የሚነገርበት ቦታ አልተረፈም። በመጨረሻ በሩ ተሰበረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የጂኦግራፊ ፈተና ሲያባዛ ከራሱ መግቢያ ጨምሮበት፣ የመጨረሻው ጥያቄ ከወረቀቱ ወጥቶ ቀረ። ያን ቀን ብቻ ከልባችን መረቅነው።

ሚስቱ ክሊኒክ ውስጥ የበሽተኞች አንሶላ የምታጥብ፣ ምላሷ ከሳሙናዋ ይበልጥ የሚያጥብ ሴት ነበረች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እንዲህ ትላለች፦ «የፍቅር ደብዳቤውን መግቢያ አንብቤ አገባሁት። ሐተታውን ይኸው እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ።»

እሱ ይስቃል። የሚወደስ ይመስለው ነበር።

የእነዚህ ሰዎች ልጅ የጠረጴዛ ጓደኛዬ ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ጭምቷ» ይላታል። አባቷ ለሁለት ሰው የሚበቃ ስለሚናገር እሷ ዝም ብላ አደገች። በዚያ ዘመን በእኛ አካባቢ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ትምህርት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕጣ ይታወቃል። የጭምቷ አክስት የልብስ ቁልፍና የክር ሱቅ ነበራትና፣ ልጅቷን ለማስቀመጥ በርጩማ ሳይቀር አዘጋጅታ ትጠብቃለች። የቀረው አንድ ቀዳዳ ነው፦ በየትምህርት ቤቱ ድርሰት ተወዳድሮ አንደኛ የወጣ ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል።

የዚያ ዓመት ርእስ «ብሔራዊ ምልክቶቻችን» ሆነ። ባንዲራ፣ አርማ፣ መዝሙር። አዲሷ የቋንቋ መምህርት፣ የማትስቅ ሴት፣ ደንቡን ክፍል ውስጥ አነበበችልን። ዳኞቹ ከውጭ ይመጣሉ፤ የእጅ ጽሑፍ አይተው እንዳያዳሉ ድርሰቱ ሁሉ በመኪና ይመታል፤ የተቀዳ ነገር የተገኘበት ከውድድሩ ይወጣል።

በመኪና ይመታል! ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሼ ከጥንት መስኮት የዳቦ ሰልፍ መሰለ። ተማሪ ሁሉ ተራ በተራ ይመጣል፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» ይላል። እሱም ግራ ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መግቢያ ያስጽፈዋል።

«ለማንም እንዳታሳይ። ላንተ ብቻ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

ቀጥሎ የቆመውም እሺ ጋሼ ነው። እኔም እሺ ጋሼ ብዬ ወስጃለሁ። ያልተሰጠው የሥጋ ሻጩ ልጅ ብቻ ነበር፤ ሲሄድም ሲመጣም ስለሚያፏጭ «ፉጨት» እንለዋለን። እያፏጨ መስኮቱ ጋ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ለኔም አንድ ይበሉኛ።»

«ፉጨት ሰላምታ ነው? ሂድ፤ ያባትህ ሥጋ ቤት መግቢያ ይመዝኑልህ!»

ፉጨት ትከሻውን ሰብቆ እያፏጨ ሄደ።

የገዛ ልጁ ግን አልጠየቀችውም። ይሄ ነው ያንገበገበው። አንድ ቀን ከሰዓት እነሱ ቤት ጠረጴዛ ላይ አብረን ተቀምጠን ስንጽፍ ከኋላችን መጥቶ ቆመ፤ ወረቀቷንም አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦

«ዝናብ ሲመጣ ዘበኛችን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ባንዲራው ነው። የራሱ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይበሰብሳል። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ‹የኔ ቢበሰብስ የኔ ነው፤ ይሄ ግን የሰው ነው› አለኝ።»

መነጽሩን አወለቀ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መግቢያ ነው፣ አባባ።»

«የዘበኛ እርጥብ ሱሪ ነው እንጂ! ሱሪ ብሔራዊ ምልክት ሆኖ ያውቃል? ዳኞቹ ምን ይሉኛል?»

«አንተን ምን አገባህ?» አለች እናትየው ከጓዳ። «ተወዳዳሪዋ እሷ ናት።»

«ስሜ አለበት እኮ! ልጄ አይደለችም?»

«እኔ የምወደው ይሄንን ነው» አለች ጭምቷ፤ ከአፏ ቃል ሲወጣ ብርቅ ነበርና ሁላችንም ዞረን አየናት። «ያየሁትን ነው የጻፍኩት። እባክህ አባባ፣ እንዳለ ምታልኝ። እንዳትነካው።»

«እንዳለ?»

«እንዳለ። ማልልኝ።»

«የኔ ልጅ፣ ቃሌ ቃል ነው» አለ፣ ወረቀቱን አጥፎ ከነዚያ ቀለም አልባ እስክሪብቶዎቹ ጀርባ እየከተተ።

አመል ያወጣል ከመሀል።

ውጤቱ የተነገረው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። ዳኞቹ ከጎን ባለው የዳይሬክተሩ ቢሮ ሻይ ይጠጣሉ፤ መኪናቸው ውጭ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። እኛና ወላጆቻችን ወንበር ላይ ተደርድረናል። ጋሼ ከጥንት አዲስ ክራባት አስሮ፣ የሠርግ አባት መስሎ፣ ከፊት ተቀምጧል።

መምህርቷ የመጀመሪያውን ወረቀት አነሳች። «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ በዚህች ምድር ላይ መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ማንነቱን የሚገልጹ ልዩ ልዩ ምልክቶችን ሲጠቀም ቆይቷል።» አስቀመጠችው። ሁለተኛውን አነሳች። «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ በዚህች ምድር ላይ…» ሦስተኛውን ስታነሳ ከኋላ ያሉ ልጆች አብረዋት በቃላቸው ይሉ ጀመር። አራተኛው ላይ ክፍሉ በሙሉ መዝሙር የሚዘምር መሰለ። ወላጆች ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ። ጋሼ ከጥንት ግን፣ አይ የሰው ነገር፣ በእጁ ጉልበቱን እየመታ ምቱን ይጠብቅ ነበር።

«የተቀዳ ነው» አለች መምህርቷ። «ሁሉም ከውድድሩ ወጥተዋል። የተረፈው አንድ ብቻ ነው።» እሱንም አነበበችው፦ «ባንዲራ ጨርቅ ነው። ግን አባቴ ሥጋ የሚጠርግበት ዓይነት ጨርቅ አይደለም።»

ፉጨት ነው። ከወንበሩ ዘሎ ሊያፏጭ ሲል አባቱ አፉን ያዘው።

መምህርቷ ግን አልጨረሰችም። ከወደቁት ወረቀቶች አንዱን አነሳች። «ይሄኛው አሳዝኖኛል። መግቢያው እንደሌሎቹ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን ‹ይህ ዘበኛ ልብሱን ያሰጣው ከባንዲራው ምሰሶ አጠገብ ነው› ይላል። የትኛው ዘበኛ? ከሰማይ የወረደ ነው? ከዚያ በታች ያለውን ዳኞቹ ሁለት ጊዜ አነበቡት። መግቢያው ባይቀዳ አንደኛ ይሆን ነበር።»

ጭምቷ ብድግ አለች። ፊቷ ከወረቀቱ ነጥቷል። «ዘበኛው ነበረ» አለች። «መግቢያው ላይ ነበረ። እኔ ‹ከጥንት› ብዬ አልጻፍኩም።»

እውነቷን ነው ልል አፌን ስከፍት፣ መምህርቷ በእጇ ዝም አሰኘችኝ፤ የወደቀ ለወደቀ ቢመሰክር ማን ይሰማዋል? ክፍሉ በሙሉ ወደ ፊተኛው ወንበር ዞረ።

ሰውየው ያደረገው ይህን ነበር፦ መግቢያውን አውጥቶ የራሱን አስገባ፤ ሐተታውን ግን አልነካም። ስለ ሐተታ ምን ያውቃል? ራሱ የዝሆን፣ እግሩ የዶሮ የሆነ ፍጡር ሠርቶ ለዳኛ አቀረበ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ? እሱ ግን የጣለው የሰው ብብት ውስጥ የነበረውን ነው።

«ጋሼ» አለች መምህርቷ፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ። «የልጅቱ የእጅ ጽሑፍ አለ?»

«ከተመታ በኋላ ረቂቅ ይቀደዳል። የቢሮ ሥርዓት ነው።»

«እንግዲያው የርስዎ ቃል ይበቃል። ዳኞቹ ገና አልፈረሙም። ይሄን መግቢያ የቀየሩት እርስዎ ነዎት? አዎ ካሉ ልጅቷ አንደኛ ናት።»

አዎ። አንዲት ቃል። ሁለት ፊደል። ሚስቱ ከጎኑ በክርኗ ጎነጠችው። ጋሼ ከጥንት ተነሣ፤ ክራባቱን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥያቄዎን ከመመለሴ በፊት» አለ፣ «ስለ መግቢያ ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።»

«ጋሼ፣ አዎ ወይስ አይደለም?»

«እመጣለሁ፣ እዚያ ላይ እመጣለሁ። መለወጥና ማስተካከል የተለያዩ ናቸው። አንድ አባት ለልጁ…»

«አንተ ሰውዬ፣ አዎ በል!» አለች ሚስቱ።

«ላስረዳበት እንጂ! እንዲህ በድፍኑ አዎ ቢባል ሰው ምን ይረዳል? እስቲ ነገሩን ከመሠረቱ እንየው…»

በጎን በኩል የሻይ ብርጭቆዎች ሲሰበሰቡ ተሰማ። ዳይሬክተሩ በበሩ ብቅ አለና «ወይዘሪት፣ እየሄዱ ነው፤ ይፈርሙ?» ብሎ ጠየቀ። መምህርቷ አሁንም ጋሼ ከጥንትን አየችው። እሱ አላያትም፤ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ እንደዚያ ቀን ብዙ ጆሮ ተሰጥቶት ስለማያውቅ፣ ደምቆ ይናገር ነበር። ስለ አጀማመር ክብር። ስለ ጥሩ መሠረት። ስለ ቤትና ስለ በር። መምህርቷ ራሷን ነቀነቀችና «ይፈርሙ» አለች።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው መሰለኝ፣ እሱ ያን እንኳን አልሰማም። «ስለዚህም፣ ልጄ» አለ ወደ ጭምቷ ዘወር ብሎ፣ ገና አሁን ወደ ነገሩ እንደደረሰ ሁሉ፣ «አንቺም ብትሆኚ ስታድጊ የምትረጂው…»

ጭምቷ የተነሣችበትን ወንበር ወደ ቦታው መለሰች። እናቷን አላየችም፣ እኔንም አላየችም። በወላጆቹ ጉልበትና በግድግዳው መካከል በጎን ተንሸራታ፣ ለማንም ደህና ዋሉ ሳትል፣ እሱ እየተናገረ ወጣች።