መልስ ሳይሰጠን የላስኩት ማር

ዛሬ ጨፋ ሮቢት ሽምግልና ሄደን፣ ልጅቷ ሳትፈቀድልን ማር ላስኩ።

ለማያውቅ ልንገር፤ ሽማግሌ "ሰጥተናል" እስኪባል ድረስ ውሃም አይቀምስም። ቀድሞ ከቀመሰ ጥያቄውን እንዳቃለለ ነው የሚቆጠረው።

የሄድነው ለወንድሜ ልጅ ለሰኢድ ነው። እንድናገር የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ አንደበቴን ታውቁታላችሁ። ገና ሰላምታውን ሳልጨርስ ግን ሳል ያዘኝና አልለቅ አለኝ።

የልጅቷ እናት አዝነው በማንኪያ ማር አመጡልኝ። ላስኩት። ሳሉ ጸጥ አለ። የቤቱ ሰው ሁሉ ግን ማንኪያው ላይ አፈጠጠ።

አብረውኝ የሄዱት ኦቦ አህመድ ጠጋ ብለው "አንተ ሆዳም! ልጁን ጉድ ሠራኸው" አሉኝ።

እንደ እኔ የማታ ትምህርት ጨርሶ ማንበብ የቻለ ሰው አይደነግጥም። "ማር መድኃኒት ነው እንጂ ምግብ አይደለም" አልኩ። "ለሳል፣ ለተሰነጠቀ ከንፈር፣ ለደረቀ እጅ እንደሚሆን ስልኬ ላይ ራሴ አንብቤያለሁ።" "ራሴ" የሚለውን ጠበቅ አድርጌ ነው ያልኩት።

አባትየው ትክ ብለው አዩኝ። "መድኃኒቱ ሠራ?"

"ወላሂ ሠርቷል።"

"እንግዲያው ማሬን የላሰ ሰው ከቤቴ ባዶ እጁን ቢመለስ ነውሩ የኔ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ። በሠርጉ ቀን ግን ሌላ ሰው ይናገር።"

አልሐምዱሊላህ። ስልኬ ላይ ስለ ማር የጻፉት ሰዎች "ልጅ ያስፈቅዳል" የሚለውን ዘለውታል፤ ይኸው እኔ ጽፌላቸዋለሁ።

እናንተንስ ማር ከምን ጉድ አወጣችሁ? ጻፉልኝ። ረጅምም ቢሆን አነባለሁ።