የአባቴ መልስ በእኔ ስም

የምሠራው ፔታሕ ቲክቫ ከተማ ውስጥ በአንድ ኩፓት ሆሊም፣ በጤና መድን ክሊኒክ ነው። አስተርጓሚ ነኝ። ከጎንደር የመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ መካከላቸው እቀመጣለሁ። ባልደረቦቼ «ሳሉን ሳይቀር ትተረጉማለች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሐኪሙ ሰዓቱን ቢያይ፣ ወንበሩ ላይ ቢቁነጠነጥ፣ እኔ አንዲት ቃል አላስቀርም። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ቢጠይቀኝም እስካሁን እውነቱን አልነግረውም ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴት በምርኩዝ እየተረዱ በኮሪደሩ ሲያልፉ ዓይናቸው ደረቴ ላይ ካለው የስም ሰሌዳ ላይ ቀረ። «አስቴር? ያቺ አስቴር ነሽ?» አሉኝ በእብራይስጥ። የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ጽሑፍ መምህሬ ዳፍና ነበሩ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየዓመቱ ያንን ያንቺን መልስ ለተማሪዎቼ አነብላቸው ነበር። ስምሽን እየጠራሁ» አሉኝ።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «አመሰግናለሁ» አልኩ።

መልሱ የእኔ አልነበረም። የአባቴ ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ወደ እስራኤል ከመጣን አምስት ዓመት ሆኖን፣ በከተማው አሮጌ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አባቴ ታከለ የፕላስቲክ ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ፊደል አልቆጠረም። ጎንደር ሳለ ግን ሰው ሲጣላ ለእርቅ የሚጠሩት፣ ነገር ሲወሳሰብ «እስቲ ታከለ ይስማው» የሚባል ሰው ነበር። እዚህ የሚጠራው አልነበረም።

ከሥራ ሲመለስ ከኮቱ ኪስ የተረፈውን የሽምብራ ቆሎ ጠረጴዛው ላይ ያፈስና «ዛሬስ ምን አነበባችሁ?» ይለኛል። እኔም ክፍል ውስጥ ያነበብነውን ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እነግረዋለሁ። እናቴ «ተይው፣ ደክሞታል» ትላለች፤ እሱ ግን ድካሙን ይረሳዋል። ታሪኩ ውስጥ ስላሉት ሰዎች እንደ ጎረቤቶቹ ነው የሚጠይቀኝ። «ልጁ ታላቅ ወንድም የለውም? ታዲያ ሽማግሌ ሳይልኩ እንዴት ፍርድ ቤት ሄዱ?» ይለኛል። እኔ እስቃለሁ። ከቀኑ ሁሉ ደስ የሚለኝ ሰዓት ያ ነበር።

አንድ ጊዜ በዝናቡ ወራት ያነበብነው ታሪክ ስለ ሁለት ጎረቤታሞች ነበር። አንደኛዋ ማንበብ የማትችል መበለት ናት። ሩቅ አገር ለሥራ የሄደ ልጇ ሲጽፍላት ደብዳቤውን የምታነብላት ጎረቤቷ ናት። አንድ ቀን ልጅሽ ሞቷል የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ጎረቤቷ ደብዳቤውን ሦስት ቀን ደብቃ ትይዘዋለች። በየቀኑ እየሄደች መበለቷን ሾርባ ታበላታለች፣ ፀጉሯን ታበጥርላታለች፣ አብራት ትስቃለች። በአራተኛው ቀን ታነብላታለች። መምህርት ዳፍና የሰጡን ጥያቄ «ይህች ሴት ታማኝ ናት ወይስ ከሃዲ? ከታሪኩ ማስረጃ ጥቀሱ» የሚል ነበር። ክፍሉ በሙሉ ከሃዲ ናት አለ። እኔም ደብተሬ ላይ እንደዚያው ጽፌ ነበር ወደ ቤት የመጣሁት።

ለአባቴ ስነግረው ቆሎ መቆርጠሙን አቆመ።

«ዘመዶቿ የት ነበሩ?»

«ወንድም አላት፣ ሌላ መንደር። በሦስተኛው ቀን ማታ በጋሪ ይመጣል።»

«በይ እንግዲህ፣ እሱን ስትጠብቅ ነዋ። መርዶ ዘመድ በሌለበት ለብቻዋ ለተቀመጠች ሴት ይነገራል እንዴ? በባዶ ሆድስ? ሾርባውን ለምን የምታበላት ይመስልሻል?» አለኝ። ደግሞም፣ «እኔን የምታሳዝነኝ ደብዳቤውን የያዘችው ናት። እናትየዋ ስታለቅስ አገር አብሯት ያለቅሳል። ያቺ ግን ሦስት ቀን ለብቻዋ ሐዘን ተቀመጠች፤ ያውም እየሳቀች» አለ።

እኔ መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ሲነገር እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ታዲያ እንዴት አልታየኝም? በእብራይስጥ የተጻፈውን ታሪክ ሳነብ የቤታችንን ነገር ሁሉ ደጅ ትቼ መግባት ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። የጻፍኩትን ቀደድኩና አባቴ ያለውን ቃል በቃል ወደ እብራይስጥ መለስኩት። አናቱ ላይ ስሜን ጻፍኩ።

መምህርት ዳፍና መልሱን ለክፍሉ አነበቡት። ከዚያ ከኋላ አንድ ልጅ «ማን ጻፈላት?» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

በሳምንቱ ዮም ሆሪም ነበር፣ ወላጆች ከመምህራን ጋር የሚነጋገሩበት ቀን። በዚያው ቀን ነው ማን ወደ ከፍተኛው የሥነ ጽሑፍ ክፍል እንደሚገባ የሚወሰነው። ከኢትዮጵያ ከመጣን ልጆች እዚያ የገባ አልነበረም። እኔ መግባት እፈልግ ነበር፤ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር አላስታውስም። አባቴ የሰንበት ኮቱን ለብሶ መጣ። መምህርቷ ፊት ተቀምጦ፣ ለክብራቸው ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። እንደ ሁላችንም ቤት፣ የምተረጉመው እኔው ነኝ።

መምህርት ዳፍና ወረቀቴን አውጥተው፣ «ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? ከቤት የሰማሽው ከሆነ ያንን ሰው ክፍል ውስጥ መጥቶ እንዲያወራን እፈልጋለሁ» አሉኝ።

«ምን አሉ?» አለ አባቴ።

«ጎበዝ ናት አሉ።»

«እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። ስለዚያች ደብዳቤ ስለያዘችው ሴትስ? እሳቸው ምን ይላሉ? ጠይቂልኝ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ያያሉ። «ማን ጻፈላት» ያለው ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ የአባቴ ነው ካልኩ ቦታው የሚቀርብኝ መሰለኝ። ግን በዚህ ብቻ አላመካኝም። እውነቱን ልናገር፣ አፍሬበት ነው። ያንን በፕላስቲክ የተቃጠለ እጁን ይዞ፣ በተሰበረ እብራይስጥ፣ በዚያ ክፍል ልጆች ፊት ሲቆም ታየኝ። ወደ መምህርቷ ዞሬ «እኔው ራሴ ነኝ ያሰብኩት። አባቴ ማንበብ አይችልም። ሁ ሎ ሜቪን፣ እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም» አልኩ። ለአባቴ ደግሞ «ጊዜ የላቸውም፣ ሌላ ወላጅ እየጠበቀ ነው» አልኩት።

ተነሣ፣ እጅ ነሣ፣ ወጣን።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። መንገዱ ጭቃ ጭቃና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ግማሽ መንገድ ያህል ሄድን። ከዚያ አባቴ ፊቱን ወደ እኔ ሳይመልስ፣ «ሎ ሜቪን። ፋብሪካ ያለው አለቃችንም እንደሱ ነው የሚለኝ» አለ።

አልሰማሁም ብዬ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

አልተቆጣኝም። ከፍተኛው ክፍል መግባቴን ስነግረው መረቀኝ፣ ግንባሬን ሳመኝ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲያ «ዛሬስ ምን አነበባችሁ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ቆሎውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያፈሳል፣ መስኮቱ ዘንድ ይቀመጣል። ይብስ የሚያሳፍረኝ፣ አለመጠየቁን ልብ ለማለት ወራት ፈጀብኝ። ልብ ስለውም ደስ አለኝ፤ ጥናት በዝቶብኝ ነበርና።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እያደር ከበደ። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ አንድ ቀንም «ይቅር በለኝ» አላልኩትም። አልጋው አጠገብ ስንት ቀን ተቀምጬ፣ ስለ መድኃኒቱና ስለ ትራሱ ብቻ ነው ያወራነው።

መምህርት ዳፍና ባለፈው ሳምንት የምርመራ ውጤት ሊወስዱ ተመልሰው መጡ። ይህን ጊዜ አላመለጥኩም። ከጎናቸው ተቀምጬ ሁሉንም፣ «ሁ ሎ ሜቪን» ያልኩትን ሳይቀር ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን የአባቴን ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ታከለ፣ ታከለ እያሉ እስኪይዙት ድረስ ደጋገሙት።

ከዚያ ዓይናቸው በርቶ፣ «ስለ ሌሎቹ ታሪኮችስ ምን ይል ነበር? ከዚያ በኋላ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት አንብበናል» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው። «ከዚያ በኋላ ነግሬው አላውቅም።»

ወረፋቸው ደርሶ ተጠሩ፤ ደግፌ እስከ በሩ አደረስኳቸው። መልሱን ለባለቤቱ መመለስ ቢዘገይም ይቻላል፤ መለስኩት። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሊናገር ሲችል ሳይናገረው የቀረውን ግን ከየት አምጥቼ ልመልስለት?